ፍሪጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም

ሰውየው እጃቸውን ወደ ገዛ ፍሪጃቸው እንደሰደዱ ስልካቸው ጠራ። ቀኝ እጃቸው የማርማላታውን ብልቃጥ አንገት አንቋል፤ ግራ እጃቸው በሩን ይዟል። ሰው ሦስተኛ እጅ ስላልተሰጠው ብልቃጡን ወደነበረበት መለሱ፣ በሩን በክርናቸው ገፉና ስልኩን አነሱ።

«አባባ፣ እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? እግርህ ተሻለህ? ጎረቤቶችህስ ደህና ናቸው?»

ትልቁ ልጃቸው ነው። ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ሰላምታው እንደሚያስፈርመው ውል ረጅም ሆኖ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ በትናንሽ ፊደል ይመጣል።

«ደህና ነኝ» አሉ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«የት?» አሉ፣ የት እንደሆነ እያወቁ።

«ፍሪጁ ውስጥ። ቀዩ ነገር ምንድን ነው? እህቴ አይታው ተናዳለች።»

«ቲማቲም ነው።»

«ቲማቲም በብልቃጥ?»

«የተፈጨ ነው።»

«አባባ፣ ማንኪያ ተሰክቶበታል እኮ። ስኳር አለብህ፤ ስንቴ እንነጋገር?» ከልጁ በስተጀርባ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። «ዛሬ እሁድ ስለሆነ ብቅ ልል አስቤ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሠርግ አለብኝ። ግን አይዞህ፣ እያየንህ ነው።»

«ማየቱንስ ታዩኛላችሁ» አሉና ዘጉ።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰፈሩ ዛሬም «ተቆጣጣሪው» ይላቸዋል፤ ሲያልፉ ኪሱን የሚዳብስ ሰው እስካሁን አይጠፋም። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ፊት ላይ ትኬት ሲፈልጉ ኖረዋል። ትኬት የሌለው ተሳፋሪ፣ ይሉ ነበር፣ ወይ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፣ ወይ ቀድሞ ሰላም ይላል። ሒሳቡን የከፈለ ሰው ለተቆጣጣሪ ሰላምታ የሚያወጣበት ምን ምክንያት አለው? የትልቁን ልጃቸውን ሰላምታ በዚህ ሚዛን ሲያስቀምጡት ጎረቤት ድረስ የወረደ ነው፤ ልጁ ያለ ትኬት ተሳፍሯል።

ፍሪጁ የመጣው ሦስቱ ልጆቻቸው አዋጥተው ነው። አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ የደረጃው ግድግዳ ሁለት ቦታ ተላጠ፤ የወጥ ቤቱ በር ስለጠበበው መቃኑ ተነቀለ። ፍሪጁ እንዳይጫር ቤቱ ተጫረ። ቁመቱ ከተቆጣጣሪው በአንድ ክንድ ይበልጣል፣ ባለ ሁለት በር ነው፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የአየሩን ጠባይ የሚያሳይ ስክሪን አለው። ተቆጣጣሪው የአየሩን ጠባይ በመስኮት ማየት የለመዱ ሰው ነበሩ፤ መስኮቱን ግን ፍሪጁ ጋረደው፤ ስለዚህ ስክሪኑ ጠቃሚ ሆነ። ዋጋውን ሲጠይቁ ሦስቱም በአንድ አፍ «ለአንተ ምን ይበዛል» አሏቸው፤ ይህ መልስ የትም ቤት ሲሰጥ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ብንነግርህ ትደነግጣለህ ማለት ነው።

ያልተነገራቸው ግን ዋጋው ብቻ አልነበረም። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር መልእክት ይልካል፤ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ውስጡ ያለው ካሜራ መደርደሪያውን ፎቶ አንስቶ ያስከትላል። ይህን ያስተካከለው ሞባይል መደብር ውስጥ የሚሠራው ትንሹ ልጃቸው ነው። መልእክቱ የሚገባበት የቴሌግራም ግሩፕ «የአባባ ፍሪጅ» ይባላል። በግሩፑ ውስጥ ሦስቱ ልጆች አሉ፣ ፍሪጁም አለ፤ አባባ የሉም። እንዲህ ዓይነት ግሩፕ መኖሩን ያወቁት ፋርማሲስቷ ልጃቸው አንድ ቀን ደውላ «ቅቤው ከትናንት ወዲህ በጣት የሚያህል ቀንሷል» ስትላቸው ነው። ተቆጣጣሪው የሰው ልጅ ቁጥጥርን እንዴት እንደሚያመልጥ ከማንም በላይ ያውቃሉና በማግስቱ ጥቅል ጎመን ገዝተው ካሜራው ፊት አስቀመጡ። ለጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ኋላ ትንሹ ልጅ ደወለና «አባባ፣ ከጎመን በቀር ምንም አይታየንም» አለ። «ከጎመን በቀር ምንም አልበላም» አሉ እሳቸው። ልጅቷ በሰው በኩል መልቲ ቫይታሚን ላከች፤ ጎመኑም ወደ ጥግ ተገፋ።

አሮጌው ፍሪጅ እንዲህ አልነበረም። ከደረት የማያልፍ፣ ቀለሙ እንደ ሲጋራ አጫሽ ጥርስ የበለዘ፣ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አድሮ ድንገት ዝም ሲል ቤተሰቡን በሙሉ የሚቀሰቅስ ፍሪጅ ነበር። እጀታው ከተሰበረ ወዲህ በኤሌክትሪክ ገመድ ታስሯል፤ በሩ የሚዘጋው በጉልበት ተገፍቶ ነው። ክፉ አመሉ በረዶ መጋገሩ ነበር። ካልተነቀለና ካልተራገፈ በረዶው በሩን ገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ይነቀላል፤ ይህ ቀን በቤቱ «የበረዶ እሁድ» ይባላል። ትልቁ ልጅ ሙቅ ውሃ በድስት ያመጣል፤ ልጅቷ በእንጨት ማንኪያ ትፈነቅላለች፤ ትንሹ የተፈነቀለውን ይቆረጥማል፤ ተቆጣጣሪው ወለሉን ይወለውላሉ፤ እናትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሳደባለች። ልጆቹ ቤት ለይተው ከወጡ በኋላም፣ እናትየዋ ከሞተች በኋላም የበረዶ እሁድ አልቀረም። አባትን መጠየቅ ሁልጊዜ ለሌላ ቀን ሊባል የሚችል ነገር ነው። የሚያፈስ ፍሪጅ ግን ለሌላ ቀን አይባልም።

አዲሱ በረዶ አይሠራም። ሻጩ ይህን የተናገረው እንደ ምሥራች ነበር። እሱ ከገባ ወዲህ ከልጆቹ አንዱም በእሁድ ደጃፉን አልረገጠም፤ ለምን ይርገጥ? ያዩዋቸዋል። «ያንን ቆርቆሮ ለአሮጌ ዕቃ ገዥ ስጠው» ሲሏቸው ተቆጣጣሪው «ሰጥቻለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር፤ የዚያን ቀን መስኮቱ ገና አልተጋረደም።

ስልኩን ዘግተው ፍሪጁን ትንሽ ተመለከቱት። ስክሪኑ ፀሐይ ነው ይላል። ዳቦ ከመሶቡ ሳይሆን ከላስቲኩ አወጡ፣ በወረቀት ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት፤ ስልኩን ፍሪጁ አናት ላይ፣ እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ብለው አስቀመጡት። በሩን ቆልፈው ሦስት ፎቅ ደረጃ ወረዱ።

ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሏ አንድ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ። ወዲህ ያለው በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቶ እግር ማሳረፊያ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ያልተጨረሱ ቀሚሶች አንገታቸው ተቆርጦ ተሰቅለዋል። በካውያ ጠረጴዛውና በመጋረጃው መሐል ደግሞ፣ አናቱ ላይ የክር ጥቅል ተደርድሮበት፣ አሮጌው ፍሪጅ ያጉረመርማል። ለአሮጌ ዕቃ ገዥ የተሰጠው እዚህ ነው፤ በአንድ ውል፤ ከላይኛው መደርደሪያ ግማሹ የተቆጣጣሪው ነው።

«መጡ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከማሽኑ ቀና ሳትል።

«መጣሁ። በእሁድም ትሠሪያለሽ?»

«ዩኒፎርም ነው። ነገ ይለብሱታል ብዬ ተናግሬ እኔ ገና እጅጌ ላይ ነኝ። እንግዲህ ያለ እጅጌ ይማሩ።»

የታሰረውን ገመድ ጎተቱ። በሩ እንደ ድሮው አንዴ እምቢ ብሎ ተከፈተ። ሁለተኛው ብልቃጥ ከሷ ሽንኩርት ጎን ቆሟል፤ ቅቤውም አለ። ስልክ አልጮኸም። ማንም ምን ፈልገህ ነው አላለም። ዳቦውን የካውያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘርግተው ቀቡት፤ የበረዶ ቤቱን ሲያዩ በረዶው ምላሱን አውጥቶ በሩን ሊልስ ደርሷል።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «የሚመጡት ለእኔ ነው ለፍሪጁ?»

«ለሁለታችሁም። እሱን ግን ቀድሜ ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ሻይም እሱ ያፍላልዎት።»

አፈላችላቸው፤ ያለ ስኳር። አንዱን ቁራሽ ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲያማትሩ ማሽኑ ቆመ።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለች። «አንድ ብለናል። ሁለተኛውን ካነሱ እጅዎን ከዩኒፎርሙ ጋር ነው የምሰፋው።»

«አንቺም ካሜራ አለሽ?»

«እኔ ያለኝ ዓይን ነው።»

ሁለተኛውን ቁራሽ መልሰው ጠቀለሉት። የገዛ ልጃቸው በስልክ ስትከለክላቸው ሌሊት ተነስተው የሚበሉ ሰው፣ ለዚህች ሴት እንደ ልጅ መታዘዛቸው እሳቸውንም ገረማቸው። ትንሽ መቀስ ሰጠቻቸውና የተሰፉትን እጅጌዎች የክር ጫፍ ሲቆርጡ ዋሉ። ከሬዲዮው የኳስ ጨዋታ ይሰማል፤ ማንም አያገባም። ምሳ ያላትን አካፈለቻቸው። ከምሳ በኋላ መቀሱን እንደያዙ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው፤ አሮጌው ፍሪጅ ከጎናቸው ሲያጉረመርም እሳቸው ደግሞ ያንኮራፋሉ፤ ልብስ ሰፊዋ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ተሳናት።

እላይ ቤት ያለው ፍሪጅ በበኩሉ ሥራ አልፈታም። ከሰዓት በኋላ በሦስት ቦታ፣ በሦስት ኪስ ውስጥ አንድ መልእክት ገባ፦ ፍሪጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም፤ የነዋሪውን ደህንነት ያረጋግጡ። ደወሉላቸው። ስልኩ ፍሪጁ አናት ላይ ጮሆ ጮሆ ዘጋ። ደገሙ። ልጅቷ «ጠዋት ተቆጥተኸው ነበር?» ብላ ጻፈች። ትልቁ «ቀዩን ነገር ያነሳሽው አንቺ ነሽ» ብሎ መለሰ።

ተቆጣጣሪው የነቁት በድብደባ ድምፅ ነው። ጣሪያው ላይ ሳይሆን ከዚያም በላይ ነው፤ ዱብ፣ ዝምታ፣ እንደገና ዱብ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ሰው አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት።»

እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ትልቁን መቀስ አነሳች። «ሌባ ነው።»

«ምን ያገኛል?» አሉ ተቆጣጣሪው እያዛጉ። «ፍሪጁን ከወሰደልኝ እግዜር ይስጠው። ግን አራት ሰው ይዞ ካልመጣ መቃኑ ላይ ይቸገራል።»

እሷ ወጥታለች። እሳቸው ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ፣ ከላይ ጩኸት፣ ከጩኸቱ በኋላ ንግግር፣ ከንግግሩ በኋላ ብዙ እግር ደረጃ ሲወርድ ሰሙ። መጀመሪያ መቀሱ ገባ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ፣ ከኋላዋ ሦስቱ ልጆች። ትልቁ የሠርግ ሱፉን ለብሶ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቷል፤ የሱፉ ትከሻ በር የሰበረበት ቦታ ላይ ተተርትሯል። ልጅቷ ከፀጉር ቤት ነው የመጣችው፤ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቷል፣ ግማሹ ላይ ቢጎዲን እንደተጠቀለለ ነው። ትንሹ ቁምጣና ማልያ ለብሶ ላብ በላብ ሆኗል። ሦስቱም በር ላይ ቆመው አባታቸውን አዩ፤ በካልሲ፣ በሴት ክፍል ውስጥ፣ ጢማቸው ላይ ቀይ ነገር ተለጥፎ።

«ደህና ዋላችሁ ልጆቼ?» አሉ ተቆጣጣሪው። «ሠርጉ እንዴት ነበር? ፀጉርሽ አምሮብሻል። ኳሱን ማን አሸነፈ?»

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ቀድመው ሰላም ማለታቸው ትዝ አላቸው። ግን መስኮትም አልነበረም።

ማሽኑ ቆሟል፤ ሬዲዮው ብቻ ያወራል። ትልቁ ልጅ አባቱን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ መጋረጃውንና ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን አልጋ ጫፍ አየ፤ የኢንሹራንስ ጭንቅላቱ አደጋውን ሲያሰላ ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«ሞተሃል ብለን እኮ ነው» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ተታለለ ሰው።

«ይቅርታ» አሉ ተቆጣጣሪው።

«በሩን ሰብረናል።»

«ሰማሁ።»

ልጅቷ ግን አባቷን ማየት ትታ ነበር። ዓይኗ የካውያ ጠረጴዛው ጎን ላይ ቀርቷል። በቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ እየረገጠች ሄዳ ፍሪጁ ፊት ቆመች፤ የታሰረውን ገመድ በሁለት ጣቷ ነካችው። ገመዱን ያሰረችው ራሷ ናት፤ ተማሪ ሳለች። ጎተተችው። የማርማላታውን ብልቃጥ አየች፤ ቅቤውን አየች፤ ሁለቱንም አለፈቻቸው።

«ይሄን ያህል በረዶ እስኪይዝ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» አለች። ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር፤ ከነስድቡ።

«በረዶ ይይዛል አላሉኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ውሃ ሲያንጠባጥብ አርጅቶ ነው እል ነበር።»

ልጅቷ ሶኬቱን ነቀለች። ዘመናዊ ሴት ናት፤ መድኃኒት በሚሊግራም ትመዝናለች፤ ነገር ግን ሶኬቱን የነቀለችው ማንንም ሳታስፈቅድ፣ የሰው ቤት መሆኑንም ረስታ ነው። «የእንጨት ማንኪያ አለሽ?» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ዩኒፎርሙን ከወለሉ ላይ እየሰበሰበች በአገጯ አመለከተቻት። ትልቁ ልጅ እንደተኮነነ ቆሞ ነበር፤ እህቱ ዞር ብላ አየችው።

«ምን ትገተራለህ? ውሃ!»

ሱፉን አውልቆ አንድ ራስ የሌለው ቀሚስ አጠገብ ሰቀለው። ድስት ጣደ። ትንሹ ልጅ አፍሮ ጥግ ላይ ቁጢጥ እንዳለ የመጀመሪያው የበረዶ ጠፍጣፋ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አንዱን ስብርባሪ አንስቶ ማልያው ላይ አበሰና ቆረጠመው። ይህን ሲያደርግ ሦስቱም አዩት። ትልቁ ልጅ መሳቅ ጀመረና በሳል ሸፈነው። «ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ነው» አለችው እህቱ። «ይሄ የሽንኩርት ጣዕም አለው» አለ ትንሹ፣ ማኘኩን ሳያቆም። ተቆጣጣሪው ተነሱ፣ ከቁርጥራጩ ውስጥ ትልቁን ጨርቅ መረጡና ወለሉን መወልወል ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይሄ የደንበኛ ገበር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ አየችና፣ «እሺ ግድ የለም፣ ይወልውሉ።» ከዚያ ብቸኛዋን ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠችበት፣ እግሯን ከውሃው ከፍ አደረገች። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ማዘዝ ለመጀመር ብዙ አልፈጀባትም። ቢጎዲኖቹ ከእንፋሎቱ የተነሳ አንድ በአንድ እየተፈቱ ወደቁ። ስለ ጠዋቱ ስልክ ማንም አላነሳም፤ ስለ ግሩፑም፤ አለመምጣት ስለሚባለው ነገርም። የተወራው ውሃው ስለመሞቁ፣ ማንኪያው ስለመሰንጠቁና ትልቁ ልጅ ድሮም ድስት መያዝ እንደማይችል ነበር።

ሲመሽ አብረው ወደ ላይ ወጡ። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ትልቁ ልጅ የተተረተረውን ትከሻውን እየዳበሰ «ነገ አናጢ እልካለሁ» አለ። ትንሹም «እኔም ቁልፉን በሰው እልካለሁ» አለ። ልጅቷ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብታ ብልቃጡን ከአዲሱ ፍሪጅ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። የታችኛውን ብልቃጥ አልጠቀሰችም።

ትንሹ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አባቱ አጠገብ መጣ። «አባባ፣ ከፈለግክ መልእክቱን አጠፋዋለሁ። አንድ ቦታ መንካት ነው። ከእንግዲህ አይነግረንም።»

ሦስቱም መልሱን እንደሚያውቁ ሰዎች ጠበቁ።

«ተወው» አሉ ተቆጣጣሪው። «ሥራው ነው። እኔም በሥራዬ ብዙ ሰው ጠልቶኛል።»

ይህን ብለው ፍሪጁን ከፈቱት። ሰፊ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ። ውሃውን አወጡ፣ እንቁላሉን አወጡ፣ አይቡን፣ የተረፈውን ወጥ፣ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት፤ ጎመኑን ብቻ ተዉት። ከዚያ ዘጉት። ሦስት ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

«ለምን ታወጣዋለህ?» አለ ትልቁ ልጅ። «ይሞቃል።»

«ቀዝቃዛ ለጥርሴ አልተስማማኝም።»

ወንዶቹ ተያዩና ተዉት። ልጅቷ ስልኳን ተመለከተች፤ ባዶ መደርደሪያና አንድ ጎመን። ጠረጴዛውን ተመለከተች፤ የነገ ቁርስ፣ የነገ ምሳ፣ የነገ ራት፤ ነገ ፍሪጁን የሚያስከፍት ነገር የለም። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሰው እንደሚያዩት። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ መስኮቱን ግን ፍሪጁ ጋርዶታል።

«እንግዲህ ደህና እደር አባባ» አለች፣ ወደ ፍሪጁ እያየች።

«ደህና እደሩ።»

ሸኝተው የተሰበረውን በር በወንበር ደገፉት። ስክሪኑ ነገም ፀሐይ ነው ይላል። ነገ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ቀን መጥተውላቸው አያውቁም።